ሠላሳ ስድስት ፎቶ ብቻ የምታነሳ ካሜራ

ባለፈው መስከረም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ፌንተን ስትሪት አካባቢ አንድ የሐበሻ ቡና ቤት ቁጭ ብዬ ላፕቶፔ ላይ አፍጥጫለሁ። አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ ከቦርሳው አንዲት ካሜራ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጣት ድምፅዋ ራሱ ቀና አስደረገኝ። ብረት ናት። ፊቷ ላይ የተጻፈው ደግሞ በሩሲያ ፊደል ነው።

«ይቺ አሁንም ትሠራለች?» አልኩት።

«ከእኔ ትበልጣለች፣ ግን ትሠራለች» አለኝ እየሳቀ። «የአጎቴ ናት። ካርኮቭ ሲማር የገዛት።»

ልጁ 26 ዓመቱ ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ስለጠየቀኝ አልጽፍም። ከአዲስ አበባ የመጣው በ9 ዓመቱ ነው፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ባለው የሠርግ ሰሞን ከሜሪላንድ እስከ ቨርጂኒያ ሠርግና መልስ እያነሳ ይኖራል። ሥራው በዘመናዊ ዲጂታል ካሜራ ነው። ታዲያ ይህን ሁሉ ይዞ ለምን ወደ ፊልም ተመለሰ? እኔ የሶፍትዌር ሰው ነኝ፤ ወደኋላ የሚሄድ ቴክኖሎጂ ሳይ መጀመሪያ የሚመጣልኝ «ፋሽን ነው» የሚለው ነው። የነገረኝ ታሪክ ግን የፋሽን አልነበረም።

ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ያገባ ደንበኛው ደወለለት። እናቱ አርፈዋል፤ ለቀብሩ የሚሆን የእናቱን ፎቶ ፈለገ። ልጁ ሃርድ ዲስኩን ከፍቶ የዚያን ሠርግ ፎቶዎች ፈተሸ፤ ከ4,000 በላይ ናቸው። እናትየው 31 ላይ አሉ። አንዱ ላይ ዓይናቸውን ጨፍነዋል፣ አንዱ ላይ ግማሽ ፊታቸውን የሚዜ ትከሻ ጋርዷቸዋል፣ ሌላው ላይ ሰሃን ተሸክመው እያለፉ ነው። «አስበው» አለኝ፣ «አራት ሺህ ጊዜ ተጫንኩ፣ አንድም ጊዜ እሳቸውን ብዬ አላነሳሁም።»

በዚያው ሰሞን ነው አሌክሳንድሪያ ያለ አጎቱ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከዲፕሎማው ካርቶን ሥር፣ ካሜራዋን ያገኛት።

ፌድ ትባላለች። ታሪኳ ራሱ ይገርማል። ጀርመናዊው ኦስካር ባርናክ የፈጠራት ላይካ እ.ኤ.አ. በ1925 ገበያ ላይ ወጥታ ዓለምን ስትለውጥ፣ ሶቪየቶች ዝም ብለው አላዩም። ካርኮቭ ውስጥ በአስተማሪው አንቶን ማካሬንኮ የሚመራ የወላጅ አልባ ልጆች ማኅበር ነበር፤ እዚያ ያሉ ወጣቶች ላይካን ገልብጠው ከ1934 ጀምሮ በብዛት ማምረት ያዙ። ስሟ የፌሊክስ ኤድመንዶቪች ጀርዚንስኪ የስም መነሻ ፊደላት ናቸው፤ የሶቪየት የደኅንነት መሥሪያ ቤት መሥራች። የአጎቱ ካሜራ ከ1977 ጀምሮ የተሠራችው ፌድ 5 ናት። በደርግ ጊዜ ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄደው ወጣት ብዙ ነውና፣ ከናንተም መካከል አባቱ ወይ አጎቱ ቤት እንዲህ ያለች ብረት የምታውቁ አትጠፉም።

ይህ ዓይነት ካሜራ ሬንጅፋይንደር ይባላል፤ ርቀት መለኪያ ያላት ማለት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። በመስኮቷ ስታይ መሐሉ ላይ ሁለት ምስል ተደራርቦ ይታይሃል፤ የሰውየው አፍንጫ ሁለት ይሆናል። ሌንሱን እያዞርክ ሁለቱ አንድ ሲሆኑ ትኩረቱ ተስተካክሏል። ልብ በሉ፣ የምታዩት በሌንሱ በኩል አይደለም፣ ከጎኑ ባለች መስኮት ነው። ስለዚህ ከክፈፉ ውጭ ያለውንም ታያላችሁ፣ ሰው ሊገባ ሲል ቀድማችሁ ታውቃላችሁ። ውስጧ የሚገለበጥ መስታወት ስለሌለ ድምፅዋም ትንሽ ነው። ጉዳቱስ? የሌንሱን ክዳን ሳትከፍቱ ሙሉ ፊልም ልትጨርሱ ትችላላችሁ፤ መስኮቷ ምንም አትነግራችሁም።

የልጁ የመጀመሪያ ፊልም ግን የጠፋው በክዳን አልነበረም። እንቁጣጣሽ ዕለት የቤተሰቡን ፕሮግራም ሲያነሳ ዋለ። ቆጣሪው 36 አለ፣ 38 አለ፣ 40 አለ። ያኔ ደነገጠ። ፊልሙ ከመጀመሪያው ጥቅልሉን አልያዘም ነበር፤ አንድም አልተነሳም። ለአጎቱ ሲደውልለት አጎትየው በሳቅ ሊሞት ደረሰ፤ ከዚያ «ስትስብ የግራው እጀታ አብሮ ካልዞረ ፊልም የለም ማለት ነው። ደግሞ ሳትስብ ፍጥነቱን እንዳትነካው፣ ትሰብራታለህ!» ብሎ ጮኸበት። ልጁ እንደሚለው አጎቱ ስለ ካርኮቭ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወራለት ያን ቀን ነው፤ ስለ ብርዱ፣ ስለ ዶርሙ፣ አብረውት ተምረው ስላልተመለሱት ጓደኞቹ። ለ17 ዓመት በአንድ ከተማ ኖረው አንድም ቀን ተነስቶ አያውቅም ነበር።

ቀጥሎ ያለው ነገር እኛን ሐበሾች በተለይ ይመለከታል። ማንኛውም የካሜራ ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ለማድረግ ይሞክራል። አንዲት ጠይም እናት ነጭ ነጠላ ለብሰው ሲቆሙ መለኪያው ነጩን አይቶ «ብርሃን በዝቷል» ይላል፣ ይቀንሳል፤ ፊታቸው ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ፊታቸውን ለማዳን ብርሃኑን ስትጨምሩ ደግሞ በዲጂታል ነጠላው ይቃጠላል፤ ጥለቱ ጠፍቶ ባዶ ነጭ ይሆናል፣ የተቃጠለውንም ኮምፒውተር አይመልሰውም። የጥቁርና ነጭ ኔጋቲቭ ፊልም በዚህ በኩል ታጋሽ ነው፤ ብርሃን ቢበዛበትም የነጠላውን ክር ይይዛል። ልጁ መለኪያውን ፊታቸው አጠገብ አድርጎ በዚያ ልክ ያነሳል፣ ነጠላውን ለፊልሙ ይተዋል። የፌዷ መለኪያ ስለሞተ የሚለካው በስልኩ ነው። ስልኩን ሲያወጣ ሳቅሁበት።

ፊልምን ግን ቅዱስ አናድርገው። ለብዙ አሥርት ዓመታት የአሜሪካ ፎቶ ቤቶች ቀለማቸውን የሚያስተካክሉት «ሸርሊ ካርድ» በሚባል የአንዲት ነጭ ሴት ፎቶ ነበር። የእሷ ቆዳ ካማረ ሥራው ተጠናቋል፤ የእኛ ቆዳ ምን እንደሚመስል የጠየቀ የለም። የካናዳዋ ተመራማሪ ሎርና ሮዝ እንዳጠኑት፣ ኮዳክ ቡናማ ቀለምን በደንብ የሚለይ ፊልም ወደ መሥራት ከገፋፉት ነገሮች አንዱ የቸኮሌትና የእንጨት ዕቃ አምራቾች ምርታችን በትክክል አይታይም ብለው ማማረራቸው ነው። ያደግንበት የቤተሰብ አልበም ውስጥ አክስታችን ከሰል መስላ የወጣችው በፎቶ አንሺው ድክመት ብቻ አልነበረም።

አንድ እሑድ ከልጁ ጋር ወደ አሌክሳንድሪያ ሄድኩ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ቀዩን ባቡር ይዘን ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ቢጫው ቀየርን። ባቡሩ ከመሬት ሥር ወጥቶ ፖቶማክን ሲሻገር ብርሃኑ ድንገት ይገባል፤ ልጁ ያን ቦታ ጠብቆ አንዲት ፎቶ አነሳ። አንድ ብቻ። እኔ በስልኬ አሥራ አንድ አነሳሁ፤ እስካሁን መለስ ብዬ አላየኋቸውም።

የሄድነው ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባቸው የሳውዘርን ታወርስ ሕንፃዎች ወደ አንዱ ነው። ልጁ አሁን የያዘው ሥራ ይህ ነው፦ ከ1980ው የስደተኞች ሕግ ወዲህ ባሉት ዓመታት በሱዳን አድርገው የመጡትን፣ ታክሲ ነድተው፣ ፓርኪንግ ጠብቀው፣ ሆስፒታል አጽድተው እኛን የተቀበሉንን ሰዎች እያነሳ ነው። እያንዳንዳቸውን ከሦስት ፎቶ በላይ አያነሳም። አንዲት የ80 ዓመት እናት ቡና አፍልተው ጠበቁን። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያወሩ ካሜራዋ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። በመጨረሻ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጧቸው አነሳ። ቀጭ። ቀጭ።

«እስቲ አሳየኝ ልጄ» አሉ እጃቸውን ዘርግተው።

«እማማ፣ ይቺ አታሳይም። መታጠብ አለባት።»

«ኧረ ባክህ! እንደ ድሮው?» ደስታቸው ገረመኝ። ከዚያ ነጠላቸውን አስተካክለው «እንግዲያማ እንደገና አንሳኝ፣ አልተዘጋጀሁም» አሉት።

አማርኛ ፎቶን «ማጠብ» ብሎ መጥራቱ ትክክል ነው። ልጁ ሜሪላንድ ግሌን ኤኮ ፓርክ ባለው ፎቶወርክስ ጨለማ ክፍል ተለማምዶ አሁን ፊልሙን የሚያጥበው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ነው፦ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ ማውጫ ኬሚካል፣ እንደ ፊልሙ ከ7 እስከ 10 ደቂቃ፣ ማቆሚያ፣ ማጽኛ፣ ከዚያ ብዙ ውኃ። ማጽኛው በደንብ ካልታጠበ ፎቶው ከዓመታት በኋላ ይበላሻል። ከሁለት ሳምንት በኋላ የታተመውን ፎቶ ሲወስድላቸው እማማ እስክሪብቶ ፈልገው ጀርባው ላይ ጻፉበት፤ አዲስ አበባ ላሉ እህታቸው ነው። ያንን ጽሑፍ ታውቁታላችሁ፣ «ለማስታወሻ ይሁንሽ» የሚለውን።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ቀን ቀን ሥራዬ የሌላ ሰው ዳታ እንዳይጠፋ መጠበቅ ነው። ማስተርሴን የሠራሁትም በዚሁ ዙሪያ ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ2019 አገር ቤት ገብቼ ከአባቴ ጋር ያሳለፍኩትን የመጨረሻ ክረምት ፎቶ በሙሉ ያስቀመጥኩት አንድ ዲስክ ላይ ነበር። ዲስኩ አንድ ቀን ጠቅ ጠቅ ብሎ ሞተ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የኔ ነው። ለደንበኛ ብሠራው የምባረርበትን ስህተት ለአባቴ ሠራሁት። ዛሬ እጄ ላይ የቀረው ደሴ ፎቶ ቤት የተነሳው፣ ጥግ ጥጉ የተበላ አንድ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ነው። ያን ፎቶ የጠበቀው ሲስተም ሳይሆን የእናቴ ሳጥን ነው።

በነገራችን ላይ፣ ዲጂታል ካሜራን የፈጠረው የፊልም ኩባንያው ኮዳክ ራሱ ነው። በ1975 መሐንዲሱ ስቲቭ ሳሰን የሠራው ማሽን አንድ ምስል በካሴት ላይ ለመቅዳት 23 ሴኮንድ ይፈጅበት ነበር። በ2012 መጀመሪያ ኩባንያው ለኪሳራ ከለላ ፍርድ ቤት ቆመ። ስለዚህ ማንም «ፊልም ያሸንፋል» ቢላችሁ አትመኑ። ግን ደግሞ የራሳችንን ታሪክ ተመልከቱ። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ በ1974 አገር ቤት ገብተው በ16 ሚሊሜትር የቀረጹት «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ጣሊያን ቦሎኛ ውስጥ ሊታደስ የቻለው ዋናው ኔጋቲቭ ስለነበረ ነው። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ የነበሩት ሽመልስ ደስታ ያነሷቸው ምስሎች ከስደት በኋላ ለንደን ውስጥ ለሕዝብ የታዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ቪንቴጅ አዲስ አበባ የተባለው ሥራም ከነዋሪዎች አልበም የድሮ ፎቶ ሰብስቦ መጽሐፍ ያሳተመው ወረቀቱ ሰው ቤት ስለቆየ ነው። የእኛን የ2019 ስልክ ከ40 ዓመት በኋላ ማን ይከፍተዋል?

በሌላ በኩል ግርማ በርታ የአዲስ አበባን ጎዳና በስልክ አንስቶ በ2016 የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራምን ድጋፍ አሸንፏል። እዚሁ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምራ ለዋሽንግተን ፖስት የሠራችው፣ በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን የመሠረተችው አይዳ ሙሉነህም ለዓለም ያሳየችው ሥራ ስለ ካሜራ ዓይነት ሲነሳ የሚገደብ አይደለም። ልጁም ሠርግ ላይ ፌዷን ይዞ አይሄድም፤ ሙሽራ ሁለት ሳምንት አይጠብቅም። ዋጋውም አለ። አንድ ፊልም ከ10 ዶላር በላይ ነው፤ ማሳጠቡና ስካኑ ሲጨመር አንዷ ፎቶ ከ70 ሳንቲም በላይ ትመጣለች። እናቱ «ለአሮጌ ካሜራ የምታወጣውን ለቤት ቅድመ ክፍያ ብታደርገው» ትለዋለች። እውነቷን ነው።

እኔ ካሜራ ግዙ አልላችሁም። የምላችሁ ሌላ ነው። በሙያችን የታወቀ ሕግ አለ፦ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። ከሁለቱ ዕቃዎች አንዱን ወረቀት አድርጉት። በዓመት ሠላሳ ስድስት ፎቶ ብቻ ምረጡና አሳትሙ። ጀርባው ላይ ስም፣ ቦታና ቀን ጻፉ፤ የፊት መለያ ሶፍትዌር የአክስታችሁን የክርስትና ስም አያውቅም። ፊልም ይዛችሁ ወደ አዲስ አበባ የምትበሩ ካላችሁ ደግሞ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት፤ እጃችሁ ላይ ያዙትና ፍተሻው ላይ በእጅ እንዲታይላችሁ ጠይቁ፣ አዲሶቹ የሲቲ ማሽኖች ያልታጠበ ፊልም ያበላሻሉ።

ያን እሑድ ማታ ቤቴ ገብቼ የደሴውን ፎቶ አወጣሁት። አባቴ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ከጎኑ ባርኔጣ ያደረገ አንድ ሰው ቆሟል። ሰውየው ማን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ በሠላሳ ምናምን ዓመቴ ጠይቄም አላውቅም። እናቴ ጋ ደወልኩ፣ ፎቶውን በስልክ ላክሁላት። ትንሽ ዝም አለች።

«ውይ፣ እሱማ ሚዜያችን ነው» አለችኝ። «ቆይ፣ መነጽሬን ላምጣና ስማቸውን ልንገርህ። እስክሪብቶ ይዘሃል?»