በፖከር ለትንሽ ውርርድ የሚሰጥ መልስ

በመቱ የቡና ገበያ ሻጭና ገዢ «እስቲ አንተ ጥራ» የሚባባሉት፥ ኋላ የሚናገር የፊተኛውን ሐሳብ ሰምቶ ስለሚወስን ነው። ያለንን ሁሉ ማስያዝ በሚፈቀድበት ሆልደም በተባለው የፖከር ጨዋታም ነገሩ ይኸው ነው። በመካከል 100 ብር ተከማችቶ ሳለ ፊተኛው 10 ብር ብቻ ቢያስይዝ ምን እንመልስ? ብዙ ጀማሪ ካርታውን ይጥላል። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል፤ 110 ብር ለማግኘት የምንከፍለው 10 ብር ነውና፥ ኋላ የሚመጣውን ውርርድ ሳንቆጥር፥ ከ12 ጊዜ አንዱን ብንረታ ኪሳራ የለብንም። ስለዚህ ጥቂት ተስፋ ያለው ካርታ እንኳ አይጣልም።

ካርታችን ጠንካራ ሲሆን ግን 10 ብሩን ብቻ መክፈል አይበቃም፤ ወደ 50 ብር አድርሰን፥ ቀጣዩን ካርታ በርካሽ ሊያይ ያሰበውን እናስከፍለዋለን። እርሱም መልሶ በብዙ ቢጨምርብን፥ ትንሿ ውርርድ ወጥመድ ሳትሆን አልቀረችም።