ቀዩ አፈር የሚይዘው፦ ከባድ ብረቶች ከአቃቂ እስከ ጫግኒ

ከእንጅባራ ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጫግኒ ይገባል፤ ከዚያም በማንዱራና በግልገል በለስ አድርጎ እስከ ጉባ ይዘልቃል። የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተጣለበት ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ወዲህ ሲሚንቶ፣ ብረትና ነዳጅ የጫኑ ከባድ መኪኖች በዚህ መንገድ ሲመላለሱ ኖረዋል። ጫግኒ የፋብሪካ ከተማ አይደለችም። ያሏት ጋራዦች፣ ጎሚስታ ቤቶች፣ በያጆች፣ ወፍጮ ቤቶችና ነዳጅ ማደያዎች ናቸው። ስለ አፈር ብክለት ሲነሣ ሁላችንም የምናስበው አቃቂንና ሞጆን ነው፤ የተጠናው እዚያ ስለሆነ ያስኬዳል። ሆኖም ገና በማደግ ላይ ያለች የአገው ምድር ከተማ የሚያስጨንቅ ጥያቄ ታነሣለች። ከተማና ኢንዱስትሪ በአፈር ውስጥ የሚተዉት ብረት በቀይና በአሲዳማ መሬት ላይ ሲያርፍ ምን ይሆናል? መሬቱ ከመበከሉ በፊት የነበረውን መጠንስ ማን ለክቶ ያስቀምጥልናል?

ከባድ ብረቶች የሚባሉት እርሳስ፣ ካድሚየም፣ ክሮሚየም፣ ኒኬል፣ ሜርኩሪ፣ ዚንክ፣ መዳብና መሰሎቻቸው ናቸው። አርሰኒክም በጉዳቱ ከእነዚሁ ጋር ይቆጠራል። ዚንክና መዳብ በልካቸው ለሰብልም ለሰውም ያስፈልጋሉ፤ እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ ግን ለሰው ገላ አንዳች ፋይዳ የላቸውም። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው አለመበስበሳቸው ነው። በመሬት ላይ የፈሰሰ የተቃጠለ ዘይትን እንኳ ረቂቅ ተሕዋስያን ከዓመታት በኋላ ይበሉታል። እርሳስ ግን እርሳስ ሆኖ ይቀራል፤ ላይኛው አፈር ላይ ካረፈ ጠራርጎ የሚወስደው ጎርፍ ካልመጣ በቀር የልጅ ልጅ ያገኘዋል።

ማንኛውም አፈር ከእናት ዐለቱ የወረሰው ብረት አለው። የዓለም አፈሮች አማካይ ይዘት በኪሎ ግራም ሲሰላ እርሳስ 27 ሚሊ ግራም፣ ኒኬል 29፣ ክሮሚየም 60፣ ካድሚየም 0.4 አካባቢ ነው። የኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች በአብዛኛው የቆሙት በጥንት እሳተ ገሞራ በፈሰሰ ባሳልት ላይ ሲሆን ባሳልት ክሮሚየምና ኒኬል በብዛት ይይዛል። ስለዚህ አንድ ተመራማሪ በኪሎ 150 ሚሊ ግራም ክሮሚየም አግኝቶ ከውጭ አገር መለኪያ ጋር አስተያይቶ «ተበክሏል» ቢል፣ ጥፋተኛው ቆዳ ፋብሪካ ይሁን እሳተ ገሞራው አይለይም። እርሳስና ካድሚየም ግን በባሳልት ውስጥ ጥቂት ናቸው፤ እነሱ ከፍ ብለው ሲገኙ አብዛኛውን ጊዜ የሰው እጅ አለበት። በብዙ ጥናቶቻችን ላይ የማየው ትልቁ ጉድለት ይህን ልዩነት መዝለል ነው።

በአገራችን ነገሩ በጉልህ የታየው በአዲስ አበባ ነው። ትንሹና ትልቁ አቃቂ ወንዞች የፋብሪካውን፣ የጋራዡን፣ የሆስፒታሉንና የመኖሪያ ቤቱን ፍሳሽ ተሸክመው ወደ አባ ሳሙኤል ይወርዳሉ፤ ከዚያም አዋሽን ይቀላቀላሉ። በወንዞቹ ዳር ያሉ አትክልተኞች ለአሥርት ዓመታት ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ በዚሁ ውኃ እያጠጡ የከተማውን ገበያ መግበዋል። ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በቄራና በፒኮክ የአትክልት ቦታዎች የበቀሉ ቅጠላ ቅጠሎችን መርምረው የብረት ይዘታቸው ለጤና የሚያሳስብ መሆኑን አሳይተዋል። ቆስጣና ሰላጣን የመሰሉ ሰፊ ቅጠል ያላቸው አትክልቶች ከጥቅል ጎመን የበለጠ ብረት እንደሚሰበስቡ በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለቅጠላ ቅጠል የፈቀደው በኪሎ 0.3 ሚሊ ግራም እርሳስና 0.2 ሚሊ ግራም ካድሚየም ብቻ ነው።

ሞጆ ስሟ የሚነሣው በክሮሚየም ነው። ቆዳ የሚለፋበት የክሮም ጨው ከግማሽ በላዩ በቆዳው ውስጥ ይቀራል፤ የተረፈው ከፍሳሹ ጋር ይወጣና ካልተጣራ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙም ወደ ቆቃ ይሄዳል። በአማራ ክልል የቅርቡ ምሳሌ ኮምቦልቻ ናት። ለዮሌና ወርቃ የሚባሉት ወንዞች የቆዳ፣ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቢራና የብረታ ብረት ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተቀብለው ወደ ቦርከና ይገባሉ፤ በወንዞቹ ላይ የተደረገ ጥናት ክሮሚየም ከቆዳ ፋብሪካው በታች ከፍ ብሎ እንደሚገኝ አሳይቷል። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም ሲመረቅ ወንዞቹ ሸክማቸውን ቀድመው ይዘው ነበር።

ትልልቆቹን እዚህ ላይ ልተዋቸው። ጫግኒን የሚመለከተው ትንሹና የተበተነው ምንጭ ነው፤ ከትንንሾቹም የመኪና ባትሪን የሚያህል የለም። የባትሪ ክብደት ከግማሽ የሚበልጠው እርሳስ ነው። ባትሪው «ሲሞት» ጋራዡ ጓሮ ይወረወራል ወይም ቁራሌው ይገዛዋል። ማጓጓዣው እንዲቀል ብሎ ማንም ቢሆን መጀመሪያ የሚያደርገው ክዳኑን ከፍቶ አሲዱን መድፋት ነው። የሚደፋው ፈሳሽ ግራጫ ደለል አብሮት አለ፤ ያ ደለል የእርሳስ ዱቄት ነው። አሲዱ ያረፈበት ሣር ወዲያው ይሞታል፤ መሬቱ ግን በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ስለሚለመልም ሰው ጉዳዩ ያለፈ ይመስለዋል። ባጃጁ፣ የቤት ሶላሩና የስልክ ማማው ሁሉ ባትሪ ስለሚበሉ የሚጣለው በየዓመቱ ይጨምራል። ጎሚስታ ቤት ደጅ ላይ ደግሞ ለጎማ ባላንስ የሚለጠፉ ትንንሽ እርሳሶች ይወድቃሉ፤ ልጆች ለቅመው ሊጫወቱባቸው ይችላሉ።

ይህ ማስፈራሪያ አይደለም። በዳካር ዳርቻ፣ በቲያሮይ ሱር ሜር፣ ነዋሪዎች የአሮጌ ባትሪ ፍርስራሽ የተቀላቀለበትን አፈር ለእርሳሱ ብለው በወንፊት ሲነፉ እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 መካከል 18 ሕፃናት ሞቱ። በሰሜን ናይጄሪያ ዛምፋራ እ.ኤ.አ. በ2010 እርሳስ ያለበት የወርቅ ማዕድን በየቤቱ ሲፈጭ ከ400 በላይ ሕፃናት አለቁ። ሁለቱም ቦታዎች ፋብሪካ አልነበራቸውም። ሕፃናት ቀድመው የሚጎዱት እጃቸው ከአፈር ወደ አፋቸው ስለሚመላለስ ነው፤ በምግቡ አይረንና ካልሲየም ያነሰው ልጅ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ እርሳስ ወደ ደሙ ያስገባል። የዓለም ጤና ድርጅትም ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን እንደማይታወቅ ይናገራል።

ጫግኒ ዕድለኛ የሆነችበት ነገርም አለ። እርሳስ የተጨመረበት ቤንዚን ከሰሃራ በታች ባሉ አገሮች እ.ኤ.አ. በ2001 በዳካር በተደረገ ስምምነት መሠረት እስከ 2006 መግቢያ ድረስ ቀርቷል፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያም በ2021 አቁማለች። የአዲስ አበባ የድሮ አውራ ጎዳናዎች ዳርቻ ያን ጊዜ ያረፈባቸውን እርሳስ አሁንም ይዘዋል። በጫግኒ መንገድ ላይ መኪና የበዛው ግን ከዚያ በኋላ ነው፤ ግድቡን ያመላለሱት ከባድ መኪኖችም የሚነዱት ከመነሻውም እርሳስ በሌለው በናፍጣ ነበር። ከጎማ የሚበነው ዚንክና ከፍሬን ሸራ የሚበነው መዳብ ይቀራሉ። ስለዚህ በርበሬና በቆሎ አስፋልት ዳር የማስጣት ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። ሆኖም የመንገዱን ዳር ከጋራዡ ጓሮ ጋር እኩል አልፈራውም።

የሚያስጨንቀኝ አፈሩ ራሱ ነው። ጫግኒ ያለችበት የአዊ ቀይ አፈር ብዙ ዝናብ ለብዙ ሺህ ዓመታት ያጠበው ስለሆነ አሲዳማ ነው፤ በብዙ ቦታ ፒኤች መጠኑ ከ5.5 በታች ይወርዳል፤ ገበሬውም ኖራ ካልጨመረበት ገብስና ስንዴ አልሰጥ እንደሚለው ያውቃል። ከአገሪቱ የእርሻ መሬት ከ40 በመቶ በላይ በአሲድ የተጠቃ ነው ይባላል፤ አዊ ደግሞ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነው። የአቃቂ ጥቁር መረሬ በአንጻሩ ለገለልተኛ የቀረበ ፒኤችና ብዙ ሸክላ ስላለው ብረትን እንደ ጎተራ አጥብቆ ይይዛል። በአሲዳማ አፈር ውስጥ ካድሚየም፣ ዚንክና ኒኬል ከአፈሩ ቅንጣት ተላቀው ውኃው ውስጥ ይገባሉ፤ ሥሩም ይጠጣቸዋል። እርሳስ ከእነዚህ ይልቅ አፈሩን ሙጭጭ ብሎ ቢይዝም አሲዱ ሲበረታ እሱም ይላላል። እኩል መጠን ያለው ካድሚየም አቃቂ ላይ ቢደፋና ጫግኒ ላይ ቢደፋ፣ የጫግኒው ጎመን የበለጠ ይወስዳል። ለአንዱ አፈር የወጣ የመጠን ገደብ ለሌላው አይበቃም የምለው ለዚህ ነው።

ቀዩ አፈር በበጎም በክፉም ሌላ ጠባይ አለው። ቅላቱን የሰጠው የብረት ኦክሳይድ አርሰኒክንና ስድስት ቫለንት ክሮሚየምን ይዞ ያስቀራል። ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን በዚህ ዐይነት አፈር የሚበዛው የማንጋኒዝ ኦክሳይድ እምብዛም ጉዳት የሌለውን ሦስት ቫለንት ክሮሚየም ወደ መርዛማው ስድስት ቫለንት ሊለውጠው ይችላል። አንድ ቀን ቆዳ ፋብሪካ ወደ አዊ ልምጣ ቢል መጀመሪያ መነሣት ያለበት ጥያቄ ይህ ይመስለኛል።

ገጠሩም የራሱ ምንጭ አለው። ከባሕር ደለል ዐለት የሚሠራ የፎስፌት ማዳበሪያ ካድሚየም ይዞ ይመጣል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በማዳበሪያ ውስጥ ባለ አንድ ኪሎ የፎስፈረስ ኦክሳይድ ከ60 ሚሊ ግራም በላይ ካድሚየም እንዳይኖር ገድቧል። የሚጨመረው በየዓመቱ ጥቂት ነው፤ ሥጋቱ መከማቸቱ ላይ ነው። በጃዊ እንደ ጣና በለስ ስኳር ልማት ባሉ ሰፋፊ እርሻዎች ላይ አሁን መነሻውን መለካት ከሃያ ዓመት በኋላ ብዙ ክርክር ያድናል። ከመተከል በኩል የሚመጣው ወርቅም መታየት አለበት፤ ወርቁ በሜርኩሪ ተለውሶ በሚጠበስበት ቦታ እንፋሎቱ ወጥቶ የሚያርፈው ከቤቱ አጠገብ ባለው አፈር ላይ ነው።

የከተማው መስፋት ደግሞ ምንጮቹን ከሰው ጋር ያገናኛል። በ2013 ዓ.ም ከመተከል የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች በጫግኒ ራንች መጠለያ ሰፍረው ነበር፤ ከተማዋ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ስትሰፋ ኖራለች። ቦታ ሲጠብብ የትናንቱ ጋራዥ የዛሬ መኖሪያ ግቢ ይሆናል፤ የቆሻሻ መጣያው አፈር «ለም ነው» ተብሎ ወደ ጓሮ አትክልት ይጋዛል። ከቆርቆሮ ጣሪያም የልባጩ ዚንክ በዝናብ እየታጠበ ወደ ጠፈጠፉ ይወርዳል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ በቆሎው ዚንክ አንሶት ሲጫጭ ከጣሪያ ጠፈጠፍ ሥር ያለው አፈር ዚንክ በዝቶበት ሊገኝ ይችላል።

ሕጉ የለም ማለት አይቻልም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፤ ስለ አደገኛ ቆሻሻ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 አለ፤ የቀለምን እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ የወሰነው ደንብ ቁጥር 429/2010 አለ። ዐይናቸው ይበልጥ የሚያርፈው ግን ቱቦ ባለው ፋብሪካና በሸቀጡ ላይ ነው። ሙት ባትሪ የሚሰበሰብበት፣ አሲዱ ሳይደፋ የሚጓጓዝበት አንድ የታወቀ ቦታ በየወረዳው ከተማ ቢኖር፣ አፈሩን ከብዙ ወረቀት የበለጠ ይጠብቀው ነበር። የተበከለን መሬት ማዳን እንዴት ያለ ዋጋ እንደሚያስከፍል ጃፓን አሳይታለች። በጂንዙ ወንዝ ተፋሰስ የካሚዮካ ማዕድን ማውጫ ካድሚየም የሩዝ ማሳውን ሲበክል አጥንት የሚሰባብረው «ኢታይ ኢታይ» በሽታ መጣ፤ ከ800 ሄክታር በላይ መሬት አፈሩን እየለወጡ ለማደስ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 2012 ድረስ ፈጀ።

መለካቱ ግን ይህን ያህል ከባድ አይደለም። ከአንድ ግቢ ከብዙ ነጥቦች እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አፈር ይወሰድና ይደባለቃል። የአፈር ማንሻው ዚንክ የተለበጠ ወይም የዛገ መሆን የለበትም፤ ያለዚያ የሚለካው ማንሻው ይሆናል። አፈሩ በጥላ ይደርቃል፣ በሁለት ሚሊ ሜትር ወንፊት ይነፋል፣ በናይትሪክና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይቀቀላል፣ በአቶሚክ አብዞርፕሽን መሣሪያ ይነበባል። ፒኤቹም አብሮ መመዝገብ አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የተሠራው የኢትዮጵያ የአፈር መረጃ ሥርዓት ብዙ ወረዳዎችን ቢያዳርስም ዓላማው የማዳበሪያ ምክር ስለነበር ያተኮረው በሰብል ምግብ ላይ ነው፤ እርሳስና ካድሚየም ጉዳዩ አልነበሩም።

በእንግሊዝ አገር ያለው የሮታምስቴድ የእርሻ ምርምር ጣቢያ ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የማሳዎቹን አፈር አድርቆ በዕቃ አሽጎ አስቀምጧል። ሰብሳቢዎቹ ስለ ካድሚየም ሐሳቡም አልነበራቸውም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ መለኪያው ሲገኝ ያ የታሸገ አፈር ተከፈተና ካድሚየም በማሳዎቹ ውስጥ ምን ያህል እንደጨመረ ታወቀ። እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ለጫግኒ ጋራዦች፣ ለቆሻሻ መጣያዋ፣ ለመንገዷ ዳር፣ ለጓሮ አትክልቶቿና ማንም ላልነካው የደን አፈር ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ የታሸገ ዕቃ የሚይዝ መደርደሪያ ቢያዘጋጅ፣ ዕቃዎቹ ላይ ቀኑንና ቦታውን ቢጽፍ፣ ይህን ሥራ በመጪው በጋ መጀመር ይቻላል።