ተጨማሪ መረጃ፦ የማስፋፊያ ዕቅድን ለባለድርሻ አካላት ማስረዳት

ዶክተር ካትሪን እና ዶክተር ሬጅናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል በተራዘመ ምጥ ምክንያት ፊስቱላ የተባለ ጉዳት የደረሰባቸውን እናቶች በነፃ ያክማል። ሥራው ከጊዜ በኋላ ወደ ባሕር ዳር፣ መቐለ፣ ይርጋለም፣ ሐረርና መቱ ሰፋ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የሐምሊን አዋላጆች ኮሌጅ ተከፈተ።

ለቀዶ ሕክምና ብሎ ገንዘብ የሰጠ ሰው «ኮሌጁ ለምን አስፈለገ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ከሕመሙ መንስኤ ይነሣል። ምጥ ሲጠናባት በጊዜ የሚደርስላት ባለሙያ ያላት እናት ከፊስቱላ የመዳን ዕድሏ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ አዋላጅ ማሠልጠን ሕመሙን ከምንጩ መከላከል ነው። ማንኛውም የበጎ አድራጎት ድርጅት ዕቅዱን ሲያቀርብ ከሕንፃና ከበጀት አስቀድሞ እንዲህ ያለውን ምክንያት ማስረዳት አለበት።

ለጋሾች ወጪውን በዝርዝር ማወቅ ይፈልጋሉ። በኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከድርጅቱ ጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚደነግግ፣ አዲስ ቢሮና ተሽከርካሪ የሚጠይቅ ዕቅድ ይህን ጣሪያ እንዴት እንደሚጠብቅ ቢያሳይ ይመረጣል። ተገልጋዮች ግን የሚያሳስባቸው ሌላ ነው፦ ነባሩ አገልግሎት ይቀንስብን ይሆን? ሠራተኞችም ስለ ዝውውርና ስለ ሥራ ጫና ይጨነቃሉ። ብዙ ጊዜ ዕቅዱን መጨረሻ ላይ የሚሰሙት እነሱ መሆናቸው ትልቅ ጉድለት ነው፤ የተገልጋዩን ጥያቄ በየዕለቱ የሚመልሱት እነሱ ናቸውና።