የጉልበት ልም አጥንት ስፌት ጥንካሬና የንጽጽር ትምህርት

በሰሜን ጎንደር ደጋ ዳገትና ቁልቁለት የሚመላለስ ሰው ሸክሙ የሚያርፈው በጉልበቱ ላይ ነው። ይህንን ሸክም የሚያከፋፍሉት በጭንና በቅልጥም አጥንቶች መካከል የሚገኙት ሜኒስከስ የተባሉ ሁለት ማጭድ መሰል ልም አጥንቶች ናቸው። ተቀደው ቢወገዱ መጋጠሚያው ያለጊዜው ይጎዳል፤ ስለሆነም በተቻለ መጠን መስፋት ይመረጣል።

የስፌቶች ጥንካሬ የሚነጻጸረው በቤተ ሙከራ ነው። ከእንስሳት ጉልበት የተወሰደ ልም አጥንት ተቀዶ በተለያየ ስልት ይሰፋል፤ ከዚያም ስፌቱ እስኪለቅ ድረስ በመሣሪያ ይሳባል፤ የተቋቋመው ኃይልም በኒውተን ይለካል። በአብዛኞቹ ሙከራዎች የቁም ስፌት ከአግድም ስፌት በልጦ ተገኝቷል። ምክንያቱም የልም አጥንቱ ቃጫዎች በብዛት የተዘረጉት ዙሪያውን ተከትለው ነው፤ የቁም ስፌት አቋርጦ ሲያስራቸው፣ የአግድሙ ግን በጎናቸው ስለሚጋደም በመካከላቸው ሊሾልክ ይችላል።

መምህሩ ይህን በነዶ ሊያስረዳ ይችላል፦ ዙሪያውን የታሰረ ነዶ አይበተንም፤ ከአገዳው ጎን የተጋደመ ገመድ ግን አይዝም። ሆኖም ክሩ፣ የቅዳዱ መጠንና የአሳሳቡ ፍጥነት አንድ ካልሆኑ ንጽጽሩ ከንቱ ነው። ጥንካሬ ብቻውንም መዳንን አያረጋግጥም፤ ደም በብዛት የሚደርሰው ለውጪው ጠርዝ ነውና።

ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ የሚሠለጥንባት ከተማ ናት። ለሙያው የሚታጨው ተማሪ ግን በትክክል ማነጻጸርን መልመድ ያለበት አስቀድሞ በትምህርት ቤት ነው።