የሆቴል ቤት ምሳ በሆድ ውስጥ

በሆቴል ቤት ዶሮ ወጥ የበላ ሰው ሒሳቡን ከፍሎ ሲነሣ ምሳው ያለቀ ይመስለዋል፤ ዳሩ ግን የሆድ ሥራ ገና መጀመሩ ነው።

አስቀድሞ ጥርስ ያደቃል፤ ምራቅም የእንጀራውን ስታርች ወደ ስኳርነት መለወጥ ይጀምራል። ቀጥሎ ጨጓራ በአሲዱ እያሸ የሥጋውንና የእንቁላሉን ፕሮቲን መፍታት ይይዛል። ይህንንም ቦሞንት የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሐኪም በዓይኑ አይቶታል፤ ይኸውም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1822 ዓ.ም. በጥይት ቆስሎ የጨጓራው ቀዳዳ ሳይገጥም በቀረ ሰው ሆድ ውስጥ ምግብ በክር አሥሮ እያስገባ መረመረና በ1833 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተመ።

ምግቡ ከዚያ ወደ ትንሹ አንጀት ይወርዳል። በዚያም ሐሞት ቅቤውን ይበትነዋል፤ የቆሽትም ፈሳሽ ስታርቹን፥ ፕሮቲኑንና ቅቤውን ያፈርሳል። የላመው ወደ ሰውነት ይገባል፤ የቀረው በትልቁ አንጀት ውሃው ተመጥጦ ይወጣል።

ቅቤ የበዛበት ምግብ ከጨጓራ ዘግይቶ ይወጣል፤ በሆቴል ቤትም የቅቤውን ልክ የሚያውቀው ወጥ ሠሪው እንጂ በላተኛው አይደለም። የጥጋብም ስሜት ፈጥኖ አይደርስም፤ ስለዚህ ተቻኩሎ የሚበላ ሰው ልኩን ያለፈው ሳያውቀው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ቀስ ብለው ያላምጡ፤ በልተውም ወዲያው አይጋደሙ፥ አሲዱ ወደ ጉሮሮ ይመለሳልና። ከምሳ በኋላ ባለጉዳይ የሚጠብቀው ሹም ይልቁንም ይጠንቀቅ፤ ሆዱ የከበደበት ዳኛ እንቅልፍ ሲጫነው፥ የሚጎዳው አቤት ባዩ ነው።