የእጅ ስልክ ባትሪን ልክ ስለ ማስያዝና ዕድሜውን ስለ መጠበቅ

ሰው የሚሠራበትን ዕቃ ጠባዩን ለይቶ ያላወቀ እንደ ኾነ፥ አለማኹ ብሎ ያጠፋዋል። ገበሬ የበሬውን ጕልበት፥ ሸማኔም የድሩን ጥንካሬ ዐውቆ ይሠራል። ዛሬ በየገጠሩ ቤት የገባውን የእጅ ስልክ ግን ብዙ ሰው ይሠራበታል እንጂ ጠባዩን የመረመረው ጥቂት ነው። ይልቁንም ስለ ባትሪው የሚነገረው ወሬ ብዙ ነው። ከወሬውም አንዱ፥ የደከመ ባትሪን ፈጽሞ አፍስሶ እንደ ገና መሙላት ጕልበቱን ይመልስለታል የሚለው ነው። ይህ ነገር እውነትና ሐሰት የተቀላቀለበት ስለ ኾነ፥ አስተማሪዎችና የአገር ሽማግሌዎች ለይተው ሊያውቁት ይገባል።

ይህን ማወቅ ምን ይጠቅማል ቢሉ፥ ኤሌክትሪክ ባልደረሰበት መንደር ስልክ የሚሞላው በፀሓይ ኀይል ነው፤ ወይም በገበያ ቀን ከከተማ ገንዘብ ተከፍሎ ነው። እንዲህ ባለው ስፍራ በከንቱ የፈሰሰ ባትሪ የመንገድ ድካምና የገንዘብ ኪሳራ ነው። ከዚህም የሚከፋ አለ። በሌሊት አንዲት ሴት ምጥ ቢጸናባት፥ አምቡላንስ የሚጠራላት ስልኩ የሞላለት ጎረቤት ነው። እርሱም በስልኩ መስታወት ላይ 30 ከመቶ የሚል አይቶ ተማምኖ ሳለ ስልኩ በእጁ ድርግም ብሎ ቢጠፋ፥ ሐሰተኛው ቍጥር ከባዶ ባትሪ ይልቅ ይጐዳል። ባዶ መኾኑን ያወቀ ሰው ገና በቀን ሌላ ስልክ ይፈልግ ነበርና።

አኹን በእጅ ስልክ ውስጥ ያለው ባትሪ ሊቲየም አዮን ይባላል። ሊቲየም እጅግ ቀላል የኾነ ብረት ነው። ባትሪው ሲሞላ የሊቲየም ቅንጣቶች ወደ አንዱ ወገን ይሰበሰባሉ፤ ስልኩ ሲሠራ ደግሞ ወደ ሌላው ወገን ይመለሳሉ። ይህን ዐይነት ባትሪ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1991 መጀመሪያ ለገበያ ያወጣው ሶኒ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገሩትም ዓመታት ኹሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ባትሪው እንዲገኝ የደከሙት ጆን ጉዲናፍ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

የባትሪውና የቍጥሩ ነገር በምሳሌ ሲነገር እንዲህ ነው። አፉ የተከደነ ትልቅ የውሃ ጋን አለ፤ ውስጡን የሚያይ የለም። ጠባቂው ጋኑ አዲስ ሳለ ለክቶ 100 ቅል እንዲይዝ በመዝገብ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ የገባውንና የወጣውን በቅል እየቈጠረ ይጽፋል። ምን ያህል ቀረ ብለው በጠየቁት ጊዜ ጋኑን ሳይኾን መዝገቡን አይቶ ይመልሳል። በስልኩ መስታወት ላይ ከመቶ ይህን ያህል ቀረ የሚለው ቍጥር የዚህ ጠባቂ ቃል ነው።

ዳሩ ግን በጊዜ ብዛት ኹለት ነገር ይደርሳል። አንደኛ፥ ቈጠራው ጥቂት በጥቂት ይሳሳታል፤ አንዱ ቅል ሳይሞላ፥ አንዱም ተርፎ ይቀዳልና። ደግሞም ማንም ሳይቀዳው የሚንጠባጠብ አለ። ኹለተኛ፥ በጋኑ ግርጌ ደለል እየረጋ ይሄዳል። ጋኑ ከውጭ ሲያዩት ያው ነው፤ ውስጡ ግን ጠቧል፤ 100 ቅል ይይዝ የነበረው አኹን 80 ብቻ ይይዛል። ጠባቂው ይህን ያላወቀ እንደ ኾነ፥ ጋኑ እስከ አፉ በሞላ ጊዜ 100 ብሎ ይጽፋል። 80 ቅል ከተቀዳ በኋላ ጋኑ ይደርቃል፤ በመዝገቡ ግን ገና 20 አለ። 20 ከመቶ እያለ ድርግም የሚል ስልክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ነው።

በስልኩ ውስጥ የጠባቂውን ሥራ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ አለ። ሥራውም በኹለት መንገድ ነው። አንዱ መንገድ ወደ ባትሪው የሚገባውንና ከባትሪው የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ፍሰት መቍጠር ነው። ኹለተኛው በቮልት የሚለካውን የባትሪውን ግፊት መመልከት ነው። የሙሉ ባትሪ ግፊት 4.2 ቮልት ያህል ነው፤ በአንዳንዱም ስልክ ከዚያ ጥቂት ይበልጣል። ሊያልቅ ሲል ወደ 3 ቮልት ገደማ ይወርዳል። ነገር ግን በመካከለኛው ክፍል ግፊቱ እጅግ በዝግታ ስለሚለወጥ፥ የቀረው 60 ይኹን 45 በግፊት ብቻ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። መሙላቱ ሲፈጸምና ባትሪው ሊያልቅ ሲል ግን ምልክቱ ግልጽ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ሒሳቡን በእርግጥ የሚያስታርቀው እነዚህን ኹለት ዳርቻዎች ባገኘ ጊዜ ነው። ዘወትር ከ40 እስከ 70 ባለው መካከል ብቻ በሚመላለስ ስልክ ስሕተት ሊጠራቀም የሚችለውም ስለዚህ ነው።

በባዕድ ቋንቋ ካሊብሬሽን የሚባለው ልክ ማስያዝ እንግዲህ፥ ጋኑን እስከ አፉ ሞልቶ፥ እስከ መጨረሻው ቀድቶ፥ ስንት ቅል እንደ ወጣ ቈጥሮ መዝገቡን ማረም ነው። ከዚያ በኋላ ጠባቂው ጋኑ 80 ቅል እንዲይዝ ዐውቆ ያንኑ 80 ሙሉ ብሎ ይጠራዋል። ልብ ሊሉት የሚገባ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ መዝገቡ ታረመ እንጂ ደለሉ አልተጠረገም፤ ጋኑም ከቀድሞው አንድ ቅል አስበልጦ አይዝም።

ታዲያ ብዙ ሰው ልክ ካስያዘ በኋላ ባትሪዬ በረታ የሚለው ስለ ምንድን ነው ቢሉ፥ ቀድሞ 20 ሲል ይጠፋ የነበረው ስልክ አኹን እስከ 1 ስለሚደርስለት ነው። የሚሠራበት ሰዓት ያው ሳለ ቍጥሩ እውነተኛ ኾነ። አንዳንድ ጊዜ ግን ጠባቂው ካለው አሳንሶ ቈጥሮ፥ ጋኑ ሳይደርቅ ዘግቶት ይገኛል። እንዲህ በኾነ ጊዜ መዝገቡ ሲታረም ተዘግቶ የቀረው ጥቂት ውሃ ይወጣል። ይህም የነበረውን መግለጥ ነው እንጂ አዲስ ጕልበት መጨመር አይደለም።

ለዚህ ነገር በ2021 የተደረገው ምስክር ይኾናል። በዚያ ዓመት አፕል የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ አይ ኦ ኤስ 14.5 በሚባለው ፕሮግራሙ ውስጥ ለአይፎን 11፥ ለ11 ፕሮና ለ11 ፕሮ ማክስ ልክ ማስያዣ ጨመረ። ከእነዚህ ስልኮች አንዳንዶቹ የባትሪያቸውን ጤንነት በትክክል አይናገሩም ነበርና። ሥራው የሚፈጸመው ባለቤቱ እንደ ወትሮው እየሞላ ሲጠቀም ነበር፤ ጥቂት ሳምንትም ሊፈጅ ይችል ነበር። ኩባንያው ሲያስረዳ፥ የተሳሳተው የሚነበበው ቍጥር እንጂ ባትሪው ራሱ እንዳልታመመ ገለጸ።

ባትሪን ፈጽሞ ማፍሰስ ይጠቅማል የሚለው ምክር ከየት መጣ ቢሉ፥ ከቀድሞው ባትሪ መጣ። በ1899 ቫልደማር ዩንግነር የሚባል የስዊድን ሰው ከኒኬልና ከካድሚየም የተሠራ ባትሪ አበጀ። ይህ ዐይነት ባትሪ ሳያልቅ ደጋግሞ የተሞላ እንደ ኾነ፥ የለመደውን ስፍራ እንደ መጨረሻ የሚቈጥር ይመስል ነበር። ስለዚህ አልፎ አልፎ ፈጽሞ ማፍሰስ ለእርሱ መድኀኒት ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የእጅ ስልኮች ብዙዎቹ በኒኬል ባትሪ ይሠሩ ስለ ነበረ ምክሩ በሕዝብ ዘንድ ጸና። ኋላ ባትሪው ተለወጠ፤ ምክሩ ግን ሳይለወጥ ቀረ።

ለሊቲየም ባትሪ ግን አዘውትሮ ማፍሰስ ጕዳት ነው። የባትሪ ዕድሜ በዙር ይቈጠራል። አንድ ዙር ማለት የሙሉ ባትሪ ልክ የሚያህል ኀይል መጠቀም ነው፤ ግማሹን ኹለት ጊዜ ቢጠቀሙ አንድ ዙር ይኾናል። አፕል እንደ ተናገረው የአይፎን 14ና የቀደሙት ስልኮች ባትሪ ከ500 ዙር በኋላ፥ የአይፎን 15 ደግሞ ከ1000 ዙር በኋላ፥ ከመጀመሪያው መጠን 80 ከመቶ ያህል እንዲይዝ ኾኖ የተሠራ ነው። የኤውሮፓ ኅብረትም ከሰኔ 2025 ጀምሮ አዲስ የሚሸጥ ስልክ ከ800 ዙር በኋላ ቢያንስ 80 ከመቶ እንዲይዝ በሕግ አዘዘ። እንግዲህ ልክ አስይዛለኹ ብሎ በየሳምንቱ ባትሪውን ማፍሰስ ከዚህ ከተቈጠረ ሀብት ያለ ጥቅም መክፈል ነው።

ልክ ማስያዝ የሚገባው ምልክት በታየ ጊዜ ነው። ምልክቱም ቍጥሩ ከ40 ወደ 15 በድንገት ሲዘል፥ ስልኩ ብዙ ቀረ እያለ ሲጠፋ፥ ወይም 1 ላይ ደርሶ ረጅም ሰዓት ሲቈይ ነው። አዲስ ባትሪ በተገባ ጊዜም ሊያስፈልግ ይችላል። ምልክት ከሌለ ግን መተው ይሻላል፤ የአኹን ዘመን ስልኮች አብዛኛውን ስሕተት በራሳቸው ያርማሉና።

አሠራሩም እንዲህ ነው። አንደኛ፥ ስልኩን 100 እስኪል ሞልቶ፥ ከዚያም በኋላ አንድ ወይም ኹለት ሰዓት ከቻርጀሩ ሳያላቅቁ ማቈየት። ኹለተኛ፥ ነቅሎ እንደ ወትሮው እየሠሩበት በራሱ እስኪጠፋ ማድረስ። ሦስተኛ፥ ጥቂት ሰዓት አሳርፎ፥ ሳያቋርጡ እስከ 100 መሙላት። ባዶውን ለብዙ ቀን መተው አይገባም፤ ፈጽሞ የደረቀ ባትሪ ኋላ አልሞላ ሊል ይችላልና። ይህም ሥራ በቤቱ ሌላ ስልክ ባለበትና አስቸኳይ ጉዳይ በማይጠበቅበት ቀን ይደረግ። ባትሪ አስተካክላለኹ የሚል ፕሮግራም በስልክ ላይ መጫን ወይም ለዚህ ሥራ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

ልክ ከያዘ በኋላም ስልኩ በድንገት መጥፋቱን ያልተወ እንደ ኾነ፥ ያረጀው ባትሪው ራሱ ነው። ያረጀ ባትሪ ብዙ ኀይል በአንድ ጊዜ ሲጠየቅ ግፊቱ ይወድቃል፤ በብርድ ጊዜም ይብስበታል። አፕል በ2017 ይህ መጥፋት እንዳይደርስ ባትሪያቸው ያረጀባቸውን ስልኮች ፍጥነት መቀነሱን ገለጸ። ብዙ ሰው ስላጕረመረመ፥ በ2018 የባትሪ መለወጫውን ዋጋ ከ79 ዶላር ወደ 29 ዶላር አወረደ። ላረጀ ባትሪ መድኀኒቱ አዲስ ባትሪ ነው። ያበጠ ባትሪ የታየ እንደ ኾነም፥ እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል መሙላትን ወዲያው መተው ይገባል፤ ሊጫኑት ወይም ሊወጉት አይገባም።

ዕድሜን በእውነት የሚያረዝመው ነገር ቀላል ነው። ከኹሉ የሚከፋው ጠላት ሙቀት ነው፤ አፕል ስልኮቹ ከ35 ዲግሪ በላይ ለኾነ ሙቀት እንዳይሰጡ ይመክራል። ስለዚህ በፀሓይ ኀይል የሚሞላ ሰው ሰሌዳውን በፀሓይ ላይ አውሎ ስልኩን በሽቦ ወደ ጥላ ያግባ። ከምድጃ አጠገብና ከቆርቆሮ ሥር አያኑረው። ባትሪውን ከ20 እስከ 80 ባለው መካከል መጠቀም መልካም ነው፤ ለብዙ ሳምንት ሳይሠራበት የሚቀመጥ ስልክ ደግሞ ግማሽ ያህል ተሞልቶ ይጥፋ። ኔትወርክ በደከመበት ስፍራ ስልኩ ማማውን ሲፈልግ ብዙ ኀይል ይፈጃልና፥ በማይፈለግበት ሰዓት ቢያጠፉት ይቈያል። የመስታወቱን ብርሃን መቀነስም እንዲሁ ይረዳል።

አስተማሪ ይህን ለልጆች በቀላሉ ሊያሳይ ይችላል። አንድ እንስራ ወስዶ 10 ጣሳ ውሃ እንዲይዝ በፊታቸው ይለካ። በማግስቱ ልጆቹ ሳያዩ ግርጌውን በድንጋይ ይሙላና፥ ውሃ እስከ አፉ አድርሶ ሞላ ይበላቸው። ልጆቹም እየቀዱ የቀረውን በሰሌዳ ይጻፉ። ውሃው አልቆ ሳለ በሰሌዳው 2 ወይም 3 ጣሳ ቀርቶ ያገኙታል። ያን ጊዜ ሰሌዳውን ያርሙ፤ ቀጥሎም ቍጥሩ ስለ ታረመ እንስራው ሰፍቶ እንደ ኾነ ይጠየቁ። መልሱን ያገኘ ልጅ ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ የአባቱ ስልክ ስለ ምን 20 ከመቶ እያለ እንደሚጠፋ ያስረዳል፤ አባቱም ለክፉ ቀን የሚተማመንበትን ልክ ዐውቆ ያድራል።