«ምን ተገላገለች?»

በመርካቶ ካሉት ተራዎች መካከል ምን አለሽ ተራ ስሙ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ጥያቄውም ለሴት የቀረበ ነው። ቆራሌው ከየመንደሩ የሰበሰበው ባዶ ጠርሙስ፣ ቆርቆሮ፣ አሮጌ ብረትና ጎማ ወደዚያ ይገባል። ቀጥቃጩ ከበርሜሉ ምድጃ፣ ጫማ ሠሪውም ከጎማው በርባሶ ያወጣል። ሌላው ሰው አይረባም ብሎ የጣለው ነገር በዚያ ተራ አስቀድሞ ይመረመራል እንጂ እንዲሁ አይናቅም።

የተወደዳችሁ አንባቢዎቻችን፥ በየቤታችንም ለሴት ብቻ የሚቀርብ ጥያቄ አለ። ምጥ ከያዛት እናት ደጃፍ ቆመን «ምን ተገላገለች?» እንላለን። መልሱን የምንሰማው ከእልልታው ነው፤ በብዙ ስፍራ ልማድ ለወንድ ሰባት ጊዜ፣ ለሴት ሦስት ጊዜ እልል ይባላልና። ከዚያም ወንዱ በ40 ቀኑ፣ ሴቲቱ በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉ። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ሆኖም መልሱ የሚዘገይበት፣ ወይም ከብዙ ዓመት በኋላ ያልታሰበ ነገር የሚገለጥበት ቤት አለ። በዚያን ጊዜ ወቀሳው ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በእናቲቱ ወይም በሚስቲቱ ላይ ነው። ይህ ወቀሳ ፍርደ ገምድል መሆኑን በአጭሩ እናስረዳለን።

በሰው አካል ሕዋሳት ውስጥ ውርስን የሚሸከሙ ክሮሞዞሞች አሉ። ቍጥራቸው 46 መሆኑን ጆ ሂን ቲዮና አልበርት ሌቫን እ.ኤ.አ. በ1956 አስታወቁ። ግማሾቹ ከእናት፣ ግማሾቹ ከአባት የሚመጡ ናቸው። ጾታን የሚመለከቱት ሁለቱ «ኤክስ»ና «ዋይ» ይባላሉ። በተለመደው ሥርዓት ሴት ሁለት ኤክስ፣ ወንድ ደግሞ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ አላቸው። እናት የምትሰጠው ኤክስን ነው፤ ዋይ የሚመጣው ከአባት ነው። እንግዲህ «ሴት ብቻ ወለደችብኝ» ብሎ ሚስቱን የሚያስለቅስ ባል ያልበደለችውን ይበድላል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ የክሮሞዞሞቹ ቍጥር ከተለመደው ይለያል። ሁለት ኤክስና አንድ ዋይ ይዞ የሚወለድ ወንድ አለ። ሐኪሙ ሃሪ ክላይንፌልተር ምልክቱን እ.ኤ.አ. በ1942 ጻፈ፤ ምክንያቱንም ፓትሪሺያ ጃኮብስና ጆን ስትሮንግ በ1959 ገለጡ። ከ500 እስከ 1,000 ከሚሆኑ ወንዶች አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል፤ ብዙዎቹም ሳያውቁት ይኖራሉ። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚታወቀው ከጋብቻ በኋላ ልጅ ሲታጣ ነው። ታዲያ «መካን» ተብላ የምትሰደበው ሚስቲቱ ስትሆን፣ ባል ግን ሳይመረመር ይቀራል።

አንድ ኤክስ ብቻ ይዛ የምትወለድ ሴትም አለች። ከ2,000 እስከ 2,500 ከሚሆኑ ሴቶች አንዷ እንዲህ ናት። ቁመቷ ያጥራል፤ የወር አበባዋም ብዙ ጊዜ ሳይመጣ ይቀራል። ልቧና ከልቧ የሚወጣው ታላቁ የደም ሥር ጉድለት ሊኖርባቸው ስለሚችል መመርመር ይገባታል፤ ለዕድገቷም የሚረዳ ሕክምና አለ። እርሷ ቡዳ የበላት ወይም እርግማን የደረሰባት አይደለችም። እርሱንም ሆነ እርሷን «ግማሽ ወንድ፣ ግማሽ ሴት» ማለት ስሕተት ነው።

ሲወለድ ጾታው በዓይን የማይለይ ሕፃንም አለ። ከምክንያቶቹ አንዱ ክሮሞዞም ሳይሆን ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ሕመም ነው። በዚህ ሕመም ምክንያት የሕፃኑ አካል ጨውና ውኃ እያጣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ለሞት ሊደርስ ይችላል። በጊዜው የተገኘ መድኃኒት ግን ያድነዋል። ስለዚህ ነውር ነው ብሎ በጓዳ መሸሸግ ልጁን አሳልፎ መስጠት ነው። 40 ወይስ 80 የሚለውን ከንስሐ አባት ጋር መመካከር ይቻላል፤ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ግን 40 ቀን አይጠበቅም።

በክሮሞዞም የሰውን ጠባይ መፍረድም አይገባም። በ1960ዎቹ ሁለት ዋይ ያላቸው ወንዶች ለወንጀል የተፈጠሩ ናቸው የሚል አሳብ በአውሮፓና በአሜሪካ ተነዝቶ ነበር። በኋላ የተደረገው ምርምር አሳቡን አፈረሰው፤ ስማቸው በከንቱ የጠፋባቸው ሰዎች ግን ነበሩ።

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 19 ከእናታቸው ማኅፀን ጃንደረባ ሆነው ስለሚወለዱ ሰዎች ሲናገር እነርሱን አልነቀፈም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 የተጻፈው የንግሥት ህንደኬ ሹም ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም ጥምቀትን በጠየቀ ጊዜ ፊልጶስ አልከለከለውም። በዚህ ሰው የምንመካ እኛ በሰውነቱ የተለየውን የጎረቤታችንን ልጅ እንዴት እናፍርበታለን?

እንግዲህ አራስ ስንጠይቅ ጥያቄያችን እናቲቱን የሚያስጨንቅ አይሁን። «ምን አለሽ?» ብንላት፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ወይም ገና ሐኪም የሚመረምረው ይሁን፣ ያለ ፍርሃት «ልጅ አለኝ» ብላ ትመልስልን። እኛም እልልታችንን ሳንቈጥር እንስጣት።